አስታማሚ የሚለው መስመር፦ የመምህር ሀይለመለኮት አካለ ወልድ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሀይለመለኮት አካለ ወልድ ከአባታቸው ከአቶ አካለ ወልድ ዓባይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንታነሽ መንግስቱ፣ በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ከደብረ ኤልያስ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በምታስኬድ የገበሬ መንደር፣ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ ላይ ስምምነት የለም። የትምህርት ቤት መዝገባቸው ጥር 12 ይላል። በሰባት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ወይዘሮ ዘቢደር አካለ ወልድ ግን፣ የከተራ ዕለት ታቦቱ ሊወጣ ደወል እየተደወለ ነው የተወለደው፣ እኔ ራሴ ውኃ ቀድቼ ስገባ ነበር ብለው ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል። መምህር ለዚህ ክርክር የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ማስረጃ አምጪ። ማስረጃው ስላልመጣ፣ በሁለቱም ቀን ልደታቸውን ሳያከብሩ ስልሳ ስድስት ዓመት ኖሩ።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው በአጭር ሕመም አረፉ። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው እህታቸው ናቸው። አባታቸው ብርቱ ገበሬ፣ ነገር ግን ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቤት ልጁን አቅፈው የሚያስተኙትም፣ ሲያጠፋ የሚቆነጥጡትም ዘቢደር ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ወንድማቸውን ደብረ ኤልያስ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ እጁን ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው። መዝጋቢው የዚህ ልጅ አሳዳጊ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ «እኔ» አሉ። መዝጋቢው ከት ብሎ ሳቀና የአባታቸውን ስም ጻፈ። ወይዘሮ ዘቢደር ያንን ሳቅ እስከ መጨረሻው አልረሱትም።

መምህር የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ማርቆስ አጠናቀቁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሦስት የአገራቸው ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ፣ እህታቸው በየአሥራ አምስት ቀኑ ከገበያተኛው ጋር ቀኑን ሙሉ ተጉዘው በሶና ዳቦ ቆሎ ያደርሱላቸው ነበር። የሌሎቹ ልጆች ስንቅ በሰው እጅ ይመጣል፤ የእሳቸው በእህታቸው እጅ ነበር። ይህን መምህር ብዙ ጊዜ አላወሩትም።

በ1974 ዓ.ም. ከኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሥነ ሕይወት ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቀው በሉማሜ ማስተማር ጀመሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ መርጡለ ማርያም ተዛወሩ። በ1987 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ መጡና፣ ክረምት ክረምት እየተማሩ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው አገለገሉ። በድምሩ ሠላሳ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ተማሪዎቻቸው «ማስረጃ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ አልጠሉትም።

በሥራቸው ላይ አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። ፎርም ይሁን ሥዕል፣ የውጤት ዝርዝር ይሁን ማመልከቻ፣ መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ። እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ በእስክሪብቶ ያጸኑታል። ያረሙት ነገር ካለ በላጲስ ካጠፉት በኋላ ከኅዳጉ ላይ «ታረመ» ብለው ቀኑን ጽፈው ይፈርማሉ። የአንድ ተማሪ ውጤት ከሰባ ሁለት ወደ ሰባ ሦስት ከፍ ሲልም እንዲሁ ነው። ባልደረቦቻቸው በዚህ ይቀልዱባቸው ነበር። ዛሬ በዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ልማዱን ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

በ1979 ዓ.ም. ሉማሜ ሳሉ ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሃያ ሁለት ዓመት በፍቅር ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም። በ1989 ዓ.ም. ግን የወይዘሮ ዘቢደር ብቸኛ ልጅ መቅደላዊት ለትምህርት ወደ ከተማ መጥታ እነሱ ዘንድ ገባች፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እሷ ናት። መምህር አስተምረው፣ ድረው፣ ሥራ ስትይዝም አብረው ሄደው አስፈርመዋል። ወይዘሮ ሥራነሽ በ2001 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ካረፉ በኋላ ግን አብረውን ኑሩ ብትላቸው እምቢ አሉ። አልጋቸውን ከጓዳ አውጥተው መንገዱ ዳር ባለው ክፍል ዘረጉ፤ የሚያልፈው ሰው ድምፅ ይሰማል ብለው። ደብረ ኤልያስ ስልክ ከገባ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከእህታቸው ጋር ይነጋገራሉ። የሳምንቱ ረጅም ወሬያቸው ያ ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ እየሄዱ የተበላሹ ማይክሮስኮፖች ይጠግኑ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረታቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ስለ ልብ ያስተማሩት ሰው ጨጓራ ነው ብለው ተልባ በጥብጠው ጠጡ፤ በማግስቱም ደገሙት። በሦስተኛው ቀን ሐሙስ፣ ሌንስ እየወለወሉ ሳለ ቤተ ሙከራው ወለል ላይ ወደቁ። በባጃጅ ሆስፒታል ደረሱ፤ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈትም በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። እዚያም የተዘጋው የልባቸው የደም ቧንቧ ተከፈተ። ሆኖም ጊዜው አልፎ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ ከግራው የልባቸው ክፍል ታችኛው ወገን አይንቀሳቀስም። መምህር ስክሪኑን አዙሩልኝ አሉና ብዙ ደቂቃ አዩት። ለሠላሳ ሰባት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የልብ ጡንቻ አንዴ ከሞተ ጠባሳ ይሆናል እንጂ አይተካም።

ሐኪሙ ሲያሰናብቷቸው ለመቅደላዊት ምክር ሰጧት። ጨው ይቀንሱ፤ መድኃኒት አያቋርጡ፤ ዳገት አይውጡ፤ የሚያስደነግጥ ነገር አይስሙ። ከእነዚህ ሁሉ ቤተሰቡ አጥብቆ የጠበቀው የመጨረሻውን ነው።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ሄለን ከሕንድ አገር ደብዳቤ ላኩ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረ አዲስ አበባ ላይ ታትሞ በመንገደኛ እጅ ነው የደረሰው። ዶክተር ሄለን በሚሠሩበት ሆስፒታል፣ በልብ ሕመም የልባቸው ጡንቻ ለሞተባቸው ሰዎች በስቴም ሴል የሚደረግ ሕክምና እየተጠና ነበር። ከሕመምተኛው ከራሱ ከዳሌ አጥንት መቅኔ ይወሰዳል። ከመቅኔው ውስጥ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው፣ ሌላ ሕዋስ ሊያፈሩ የሚችሉት ሕዋሳት ተለይተው፣ በቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ድረስ ተወስደው በጠባሳው ዙሪያ ይወጋሉ። ዶክተር ሄለን ምንም አልደበቁም። ያድናል ብዬ አልምልም አሉ። ለጥናቱ ሲባል ግማሹ ሕመምተኛ እውነተኛውን ሕዋስ ሲያገኝ ግማሹ እንደማያገኝ፣ ማን የትኛውን እንዳገኘም በጊዜው እንደማይነገር ጻፉ። ሁለት ግዴታዎች ነበሩ። ከታመሙበት ቀን አንድ ዓመት ሳይሞላ መድረስ፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከአጠገባቸው የማይለይ አንድ ሰው ይዘው መምጣት።

መምህር ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ መልሰው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕዋሶቼን በማይክሮስኮፕ እንዳይ ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ አሉ። የሚጓጉት ለመዳን ብቻ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ዓረፍተ ነገር ሊታረም ይችል እንደሆነ በገዛ ዐይናቸው ማየት ፈልገው ነበር። ዶክተር ሄለን ወንበር እናዘጋጅልዎታለን ብለው መለሱ። መምህር ያቺን ወረቀት መነጽር ማስቀመጫቸው ውስጥ አጣጥፈው አኖሯት።

ወይዘሮ ዘቢደር የታመመ ወንድማቸውን ሊጠይቁ በዚያው ሰሞን መጥተው ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሲራመዱ ግን ልጃቸው አትደርስባቸውም። መምህር ነገሩን ሲያስረዷቸው፣ የሞተው የልብ ሥጋ ጠፍ እንደሆነ ማሳ ነው፣ ከራሴ አጥንት ዘር አውጥተው ዳር ዳሩን ሊዘሩት ነው አሏቸው። ወይዘሮ ዘቢደር የማሳ ነገር ሲነሳ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

«ድንጋይ ላይ ይበቅላል?» ብለው ጠየቁ።

መምህር ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እታለም፣ የሚያጠኑት እሱን ነው። ገና ማንም አያውቅም።»

«ካላወቁ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

«ለማወቅ።»

«እንግዲያውስ ብቻህን አትሄድም» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር።

ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። በማግስቱ ፎቶ ቤት ሄደው ለፓስፖርት ተነሱ፤ ፎቶ አንሺው ፈገግ ይበሉ ቢላቸው ለመንግሥት አይሳቅም ብለው ኮስተር እንዳሉ ተነሱ። መምህር ከሆስፒታሉ የመጣውን ፎርም እንደ ልማዳቸው በእርሳስ ሞሉት። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ አብሮ የሚመጣው ሰው ስም በሚጻፍበት መስመር አጠገብ በአማርኛ «አስታማሚ» ብለው ጻፉና፣ ዘቢደር አካለ ወልድ፣ እህት ብለው ሞሉ። ሌላውን ሁሉ በእስክሪብቶ አጸኑት። ያቺን አንድ መስመር ግን ፓስፖርቱ እስኪመጣ በእርሳስ ተዉዋት።

ፓስፖርቱ አልመጣም። ወይዘሮ ዘቢደር በመጋቢት ወር መጀመሪያ ትኩሳት ያዛቸው። መቅደላዊት ለአጎቷ የመስክ ሥራ ወጣሁ ብላ እናቷ ዘንድ ሄደች። እዚያ ከደረሰች በኋላ ግን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ዘንድ ማድረስ አልተቻለም። መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉና በዚያው ዕለት ደብረ ኤልያስ ተቀበሩ።

ለመምህር ማን ያርዳ የሚለው ነገር በድንኳኑ ውስጥ ተነሣ። የአጎታቸው ልጅና የቤተሰቡ ታላቅ አቶ ተስፋዓለም ቃሉን ሰጡ። «ግማሽ ልቡ ሞቷል። ለቀረችው ግማሽ እንዲህ ያለ መርዶ ይነገራል? ከሕንድ ድኖ ሲመለስ ተሰብስበን እናረዳዋለን» አሉ። አንድ ሰው ሳይቃወም ሁሉም ተስማማ፤ መቅደላዊትም ተስማማች። አገራችን ለታመመ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በክፋት የተደረገ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ወይዘሮ ዘቢደር ከሌሉ መምህር ከማን ጋር ይሄዳሉ ብሎ በዚያ ድንኳን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መቅደላዊት በየቀኑ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ አጎቷን የምትጠይቀው ልብስ ቀይራ ሆነ። ከሉን ጎረቤት ቤት አውልቃ፣ እዚያው ያኖረችውን ነጭ ነጠላ ለብሳ ትገባለች። የተቆረጠ ጸጉሯን በሻሽ ትሸፍናለች። ስትወጣ ጥቁሩን መልሳ ትለብሳለች። እናቷን ልታለቅስላቸው የምትፈልገው እዚያ ቤት ውስጥ፣ እኚያ ሰው ፊት ነበር፤ ከዓለም ሁሉ እናቷን የእሷን ያህል የሚያውቋቸው እሳቸው ብቻ ነበሩና። እሷ ግን ስለ መድኃኒት ሰዓትና ስለ ጨው ታወራለች። መምህር እታለም እንዴት ናት ሲሉ፣ ፓስፖርቱ ዘገየ ትላለች። ሌላ ጊዜ ጉልበታቸውን አሟቸዋል። ሌላ ጊዜ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ደግሞ የእርሻ ወቅት ደርሶባቸዋል። መንገድ ተዘግቷል የሚለው ብዙ ጊዜ እውነት ስለነበረ ከሁሉ የቀለላት እሱ ነበር። መምህር ከሚያዝያ ወዲህ ስለ እህታቸው መጠየቅ አቆሙ። ቤተሰቡ ይህን እንደ እፎይታ ቆጠረው። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት በራቸውን ዘግተው አንድ ሰዓት ያህል ሰው እንዳይገባባቸው ይሉ ነበር። ያንንም እንቅልፍ ነው ብለው ሰዎቻቸው ተቀበሉት።

የመቅደላዊት ባለቤት አቶ መሳፍንት አንድ ቀን፣ አንቺ ፓስፖርት አለሽ፣ እኔ ልሂድ ብለሽ ለምን አትነግሪያቸውም ብሏት ነበር። ፓስፖርቱ ለሥልጠና ብላ አውጥታው ሳትጓዝበት የቀረ ነው። እናትሽስ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ ብላ መለሰችለት። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

መምህር ፎርሙን ከአልጋቸው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አላነሱትም ነበር። በግንቦት ወር «መቅዲ፣ ያን ፎርም እስቲ እይልኝ፤ የጎደለ መስመር ካለ» አሏት። መቅደላዊት የእናቷን ስም በአጎቷ እጅ ተጽፎ ማየት ፈራች። ሳትከፍተው «ሙሉ ነው ጋሼ» አለች። በሐምሌ ደግመው እይልኝ አሉ፤ አይቼዋለሁ አለች። በፍልሰታ ጾም ሦስተኛ ጊዜ ጠየቋት። ለመሥሪያ ቤቷ ሰብል ቆጠራ ውላ የደከማት ቀን ነበር፤ አሁንስ ስንቴ ልየው ጋሼ ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ አልጠየቋትም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በመቅደላዊት ስልክ ለዶክተር ሄለን ደወሉ። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት አሉ። ዶክተር ሄለን ምክንያቱን አጥብቀው ሲጠይቁ «ፎርሙ አልተሞላልኝም» ብለው ስልኩን መለሱላት። መቅደላዊት አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች። ያን ጊዜ የተሰማት ነገር ሐዘን ሳይሆን እፎይታ እንደነበር ዛሬ በሕዝብ ፊት ትናገራለች፤ ከዚህ በኋላ ስለ ጉዞው አልዋሽም ብላ ነበር።

ልባቸው እየደከመ ሄደ። እግራቸው ያብጥ ጀመር፤ ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው በሦስት ትራስ ተደግፈው ይተኙ ነበር። የመጨረሻውን ማይክሮስኮፕ ቤታቸው አስመጥተው አልጋቸው ላይ ሆነው ጠገኑት። ጠያቂ አልጠፋባቸውም፤ የዕድርተኛውም የመምህራኑም ወንበር ከክፍሉ አይነሣም ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ሞልቶ ሳለ ብቻቸውን ነበሩ፤ ስናወራቸው ሁላችንም የምንደብቃቸውን ነገር እየዞርን ነበርና። በጥር ወር አንድ ቀን መቅደላዊት ልትሄድ ስትነሣ «መቅዲ፣ ነገ ስትመጪ የራስሽን ነጠላ ልበሺ» አሏት። እሷ ነጭ ነጠላው የቆሸሸ መሰላት። ወስዳ አጠበችው።

መምህር ሀይለመለኮት ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። መቅደላዊት ቁርሳቸውን ይዛ ስትደርስ ፊታቸው ወደ መንገዱ እንደዞረ ነበር። ነፍሳቸው ስትወጣ በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም።

በዚያው ዕለት ጠዋት ለጸሎተ ፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ልታስመዘግብ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ አምደሚካኤል ሄደች። ወልደ ሰንበት ነው አለች። ቄሱ፣ የእሳቸውንማ ጽፌዋለሁ፣ የእህታቸውን የወለተ ሐዋርያትን ከእሳቸው ጋር ልቀጥለው ወይስ ለብቻ ይሁን አሏት። መቅደላዊት አልገባትም። ቄሱም አስረዷት። መምህር ባለፈው ዓመት በሚያዝያ፣ ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጥተው መጥተው ነበር። የልጄ ጸጉር ተቆርጧል፣ በየቀኑ አንድ ነጭ ነጠላ ትለብሳለች፣ እታለም ሞታለች አሉ። ቄሱም የሰሙት ነበርና አልካዱም። መምህርም በአርባው ቀን የእህታቸው ስም እንዲጠራ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ባረፉበት በዘጠነኛው ቀን ጸሎት ይደረግላቸው ነበር። ቄሱ፣ ታዲያ ማወቅዎን ለቤተሰቡ ለምን አይነግሯቸውም ብለው ቢጠይቋቸው መምህር የመለሱት ይህን ነበር።

«እናቷን ቀብራ የመጣችን ልጅ አብረሽኝ ሂጂ ብዬ እንዴት እጠይቃታለሁ? ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ትቼላታለሁ። የቻለች ዕለት ራሷ ታየዋለች።»

ከሰዓት በኋላ ለዚህ ጽሑፍ ቀኖችን ፍለጋ የመምህር ክላሰር ሲከፈት ፎርሙ ከላይ ተቀምጦ ተገኘ። ሁሉም መስመር በእስክሪብቶ ተሞልቷል። አስታማሚ ከሚለው ፊት ለፊት ያለው መስመር ባዶ ነው። ወረቀቱ ወደ መስኮቱ ሲደረግ የጠፋው የእርሳስ ጽሑፍ ፈለግ ይታያል፤ ዘቢደር አካለ ወልድ። በኅዳጉ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈታቸው ታረመ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ይላል፤ ፊርማቸው አለበት። የእህታቸው አርባ በወጣ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ስድስት ወር ቀርቶት ነበር። መምህር ያን ስድስት ወር ሙሉ የጠበቁት ፓስፖርት አልነበረም። ከእኛ አንዳችን በዚያ መስመር ላይ ስማችንን እንድንጽፍ ይጠብቁ ነበር።

ዶክተር ሄለን ትናንት በስልክ ሲያጽናኑ ሕክምናው ያድናቸው ነበር ለማለት አይቻልም ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ መምህርም ራሳቸው ማስረጃ ይጠይቁ ነበር። ሕዋሱን ከማያገኘው ግማሽ ውስጥ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ማንም የማይክደው ግን አለ። ማይክሮስኮፑ ፊት የተዘጋጀላቸው ወንበር ላይ ሳይቀመጡ ቀሩ። እህታቸውንም ድምፅ ሳያሰሙ፣ በር ዘግተው፣ እሑድ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ለብቻቸው አለቀሱ። ልባቸውን እንጠብቅ ብለን ልባቸውን ብቻውን ተውነው።

ስለዚህ መቅደላዊት ትናንት ያን መስመር በእስክሪብቶ ሞልታዋለች። መቅደላዊት፣ ልጅ ብላ ጻፈች። በኅዳጉም ታረመ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ብላ ፈረመች። ፎርሙ ማስረጃ ይሆን ዘንድ በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ ታትሟል። ነጭ ነጠላውም ዛሬ አልተለበሰም። መምህር ከሰው ጋር ሳያለቅሱት የቀሩት የወይዘሮ ዘቢደር ለቅሶም ዛሬ ከእሳቸው ለቅሶ ጋር አንድ ላይ እንዲለቀስ ቤተሰቡ ይለምናል፤ አቶ ተስፋዓለምም በዚህ ተስማምተዋል።

መምህር ሀይለመለኮት ልጃቸውን መቅደላዊትን፣ አማቻቸውን አቶ መሳፍንትን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ቸሩ አምላክ የወልደ ሰንበትን ነፍስ ከወለተ ሐዋርያት ነፍስ አጠገብ ያኑርልን። በዚያኛው ደጃፍ ላይ መዝጋቢው የዚህ ልጅ አሳዳጊ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ «እኔ» የሚል ድምፅ እንደሚሰማ፣ በዚህ ጊዜም ማንም እንደማይስቅ እናምናለን። አሜን።